ዱባይ አይቆርጥም፣ ጀርመን ይቆርጣል፤ የቱ ይሻለኛል?

የአንባቢ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። 34 ዓመቴ ነው፤ ነርስ ነኝ። ባለትዳርና የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አባት ነኝ። ሁለት ዕድል ገጥሞኛል። አንደኛው ዱባይ ያለ የግል ክሊኒክ ነው። በወር 8,000 ድርሃም እከፍልሃለሁ ብሎኛል። መሠረታዊ ደሞዙ 3,500 ነው፤ ቀሪው የቤትና የትራንስፖርት አበል ነው። ሁለተኛው ጀርመን አንድ አነስተኛ ከተማ ያለ ሆስፒታል ነው። የትምህርት ማስረጃዬ እውቅና እስኪያገኝ 2,700 ዩሮ፣ ከዚያ በኋላ 3,400 ዩሮ ይከፍላል። ግን ቋንቋውን ቢ2 እስከሚባለው ደረጃ መማር አለብኝ። ለቤተሰብ የሚሆን ባለሁለት ክፍል ቤት ከነማሞቂያው በ750 ዩሮ ገደማ ይገኛል ብለው በኢሜይል ጽፈውልኛል።

ወንድሞቼ "ዱባይ ግብር የለም፤ ጀርመን 42 በመቶ ይቆርጥሃል፤ ለመንግሥት ልትለፋ ነው?" ይሉኛል። ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ዴራ ሰፈር ስቱዲዮ በዓመት 48,000 ድርሃም ተከራይቶ ይኖራል። ለልጁ ትምህርት ቤት በዓመት 14,000 ይከፍላል። ባለቤቴ አስም አለባት። ደብረ ማርቆስ ሳለን ብርዱ ያስቸግራት ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ከመጣን ቀሎላታል። የጀርመን ብርድ ያስፈራኛል፤ የዱባይ ሙቀትም እንደዚያው። እርስዎ ሁለቱንም አገር ኖረውበታል። ምን ይመክሩኛል?

ነርሱ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቁጥሮቹን ሁሉ ስለጻፍክልኝ ተባረክ። ብዙ ሰው "ልሄድ ነው፤ የት ይሻላል?" ብሎ ብቻ ይጽፍልኛል። ለዚያ ምን ብዬ ልመልስ? እኔ ዱባይ ስድስት ዓመት በአንድ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። ፍራንክፈርት ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ። አሁን ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ የሰው ደሞዝ እደምራለሁ።

ከወንድሞችህ ልጀምር። ግብር ሲባል ደማቸው መፍላቱ አይገርመኝም። የጎጃም ልጆች ናቸዋ! በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣና ብቸና ተነሥተው መንግሥትን አስጨንቀውታል። "ግብሩ ሰበብ ነው፤ ርስታችንን በቀላድ ሊለኩብን ነው" ነበር ነገሩ። አያቴ ደጀን ላይ ሆነው ይህን ሲያወሩ ጠላ እንደቀመሰ ሰው ፊታቸው ይፈካ ነበር። እኔም ግብር የሚባል ቃል የሰማሁት መጀመሪያ ከእሳቸው ነው፤ ያውም ከጠብመንጃ ጋር አብሮ።

አሁን ወደ 42 በመቶው። ምጣኔው እውነት ነው፤ ግን አንተ ጋ አይደርስም። ጀርመን ውስጥ ለአንድ ላጤ ሰው 42 በመቶ የሚጀምረው ግብር የሚታሰብበት ዓመታዊ ገቢው ከ70,000 ዩሮ ገደማ ሲያልፍ ነው። ያውም ካለፈው ላይ ብቻ። ያንተ የዓመት ደሞዝ ምንም ሳይቀነስ 40,800 ዩሮ ነው። የመጀመሪያዎቹ 12,000 ዩሮ ደግሞ ጭራሽ አይነኩም። የእኛም አገር ግብር እኮ እንዲሁ በደረጃ ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል። 15,000 ብር የሚከፈለው ሰው 35 በመቶ የሚቆረጠው ከመጨረሻዋ 1,000 ብር ላይ ነው። ይህን ለወንድሞችህ አስረዳቸው። ካልገባቸው እኔ ጋ ላካቸው።

ጀርመን ከደሞዝህ ትልቁን የሚያነሣው መድኑ ነው እንጂ ግብሩ አይደለም። ለጡረታ 9.3 በመቶ ይቆረጣል። ለጤና መድን ወደ 8 ተኩል፣ ለሥራ አጥነት 1.3፣ ለአቅመ ደካሞች እንክብካቤ 1.8 ገደማ። አሠሪህም በአብዛኛው የዚያኑ ያህል ይጨምርበታል። ከ3,400 ዩሮ ላይ ወደ 710 በዚህ ይሄዳል። ከዚያ የገቢ ግብሩ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ባለቤትህ የት እንዳለች ይጠይቃል።

ባለቤትህ አብራህ ጀርመን ከገባችና ሥራ ካልጀመረች የግብር ክፍል 3 ትመርጣለህ። ግብሩ በወር ወደ 110 ዩሮ ይወርዳል። እጅህ ላይ 2,570 ገደማ ይገባል። ባለቤትህ ፍኖተ ሰላም ከቀረች ግን በግብር ቢሮው ዓይን ላጤ ነህ። ቀለበትህን ብታሳያቸውም ክፍል 1 ነህ፤ ግብሩ ወደ 400 ይወጣል፤ የሚቀርህ 2,290 ገደማ ነው። አንድ ሰው አገር ቤት ስለቀረ በየወሩ 280 ዩሮ! ለእሷ የምትልከውን ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ አስመዝግበህ ጥቂት ማስቀነስ ይቻላል። ግን በባንክ፣ በስሟ በተከፈተ ሒሳብ የላክኸው ብቻ ነው የሚታሰበው። በሰው እጅ የላክኸውን ማንም አይቆጥርልህም። የእኛ ሰው ደግሞ በሰው እጅ መላክ ይወዳል።

የቤተ ክርስቲያን ግብር የሚባል ነገርም አላቸው። ለካቶሊክና ለፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አባላት መንግሥት ራሱ ከደሞዝ ላይ ይሰበስባል። እንደየክፍለ ሀገሩ የገቢ ግብሩ 8 ወይም 9 በመቶ ነው። እኛን ኦርቶዶክሶችን አይመለከትም። እኔ ግን ከፍያለሁ። እንደደረስኩ ነዋሪነቴን ላስመዘግብ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ሃይማኖቴን ጠየቀችኝ፤ በተሰባበረ ጀርመንኛ "ክርስቲያን፣ ካቶሊክ አይደለም" አልኳት። እሷም ካቶሊክ ካልሆነች ያው ፕሮቴስታንት ናት ብላ ሞላችው። 14 ወር ሙሉ በየወሩ 27 ዩሮ ገደማ ሲቆረጥብኝ አላየሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ባይ! የደሞዝ ወረቀቴን በደንብ ያየሁት ኪዳነ ምሕረት ማኅበር ላይ አንዲት እኅት ስታሳየኝ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ኦርቶዶክስ" ተብሎ መጻፉን ሳታይ ከቢሮው እንዳትወጣ።

አሁን ዱባይ። ከደሞዝህ ላይ ግብር አይቆረጥም፤ እውነት ነው። በዕቃ ላይ የሚጨመረው ቫትም 5 በመቶ ብቻ ነው፤ የእኛ 15፣ የጀርመን 19 ነው፣ ምግብ ላይ ደግሞ በአብዛኛው 7። ግን ዱባይ በግብር ስም ያልወሰደችውን በሌላ ስም ትጠይቅሃለች። የቤት ኪራይ በዓመት ነው የሚታሰበው፤ ቼክ ቀድመህ ትሰጣለህ። አንዱ አከራይ አንድ ቼክ ይላል፣ አንዱ አራት፣ ደግ ከሆነ አሥራ ሁለት። ገና የመጀመሪያ ደሞዝህን ሳትበላ የሦስት ወር ኪራይ ከየት ታመጣለህ? እኔ ከሁለት ጓደኞቼ ተበድሬ ነው የገባሁት፤ ስምንት ወር ከፍያለሁ። በዚያ ላይ የዓመት ኪራዩ 5 በመቶ የቤት ክፍያ ተብሎ በየወሩ ከውሃና ከመብራት ሒሳብ ጋር ይመጣል። በ48,000 ኪራይ ላይ በወር 200 ድርሃም ነው። ያንተን ጤና መድን አሠሪህ ይሸፍናል። የባለቤትህንና የልጅህን መድን ግን የምትገዛው አንተ ነህ። አስም አለባት ብለህ ቅጹን ስትሞላ ዋጋው ምን እንደሚሆን ከመሄድህ በፊት ጠይቅ።

ውሉን ደግሞ እንደገና አንብበው። 8,000 ብለው የሰጡህ ውስጥ መሠረታዊው 3,500 ብቻ ነው አልክ። እዚያ አገር ጡረታ የለህም። ስትለቅ የምታገኘው የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ደሞዝ። ቀኑ የሚሰላው በመሠረታዊ ደሞዙ ነው እንጂ በ8,000ው አይደለም። ስለዚህ በዓመት 2,450 ድርሃም ይሆናል። መሠረታዊው 6,000 ቢሆን ግን 4,200 ነበር። በአምስት ዓመት 8,750 ድርሃም ልዩነት ነው። አበሉን አሳንሰው መሠረታዊውን እንዲያሳድጉልህ ጠይቅ። እነሱን በየወሩ አንዲት ሳንቲም አያስጨምራቸውም፤ የሚቆነጥጣቸው ስትለቅ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት የመልቀቂያ ሒሳቤን ራሴ ስሠራ ነው። የሌላውን ሰው ስንት ጊዜ እንደሠራሁ አትጠይቀኝ። ደግሞም የቪዛውንና የቅጥሩን ወጪ አንተ ክፈል የሚል ደላላ ከመጣ አትስማው፤ በሕጋቸው ወጪው የአሠሪው ነው።

እስቲ እንደምረው። ዱባይ ከቤተሰብ ጋር ከሆነ፣ በዓመት 96,000 ድርሃም ይገባል። 48,000 ለኪራይ፣ 2,400 ለቤት ክፍያው፣ 14,000 ለልጅቱ ትምህርት ቤት ይወጣል። የሚቀረው 31,600 ነው፤ በወር 2,630 ድርሃም። በዶላር 715 ገደማ መሆኑ ነው። ከዚህ ላይ ምግብ፣ መብራት፣ ትራንስፖርት፣ የሁለቱ መድን፣ እናትህ ጋ የምትልከው። ጀርመን ከቤተሰብ ጋር ከሆነ፣ 2,570 ዩሮ እጅህ ይገባል። ለልጅቱ መንግሥት በየወሩ ከ250 ዩሮ በላይ ይሰጣል። ትምህርት ቤት በነጻ ነው። 750 ለቤት፣ ለሬዲዮና ቴሌቪዥን የግዴታ ክፍያ 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም። (ቴሌቪዥን የለኝም ብትልም ትከፍላለህ፤ ተከራክሬ አይቻለሁ።) የሚቀርህ 2,050 ዩሮ ገደማ ነው። አይቆርጥም ከተባለው አገር ይቆርጣል የተባለው ከሁለት እጥፍ በላይ አስቀረልህ።

ብቻህን ከሆንክ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ዱባይ ከሰው ጋር ክፍል ተጋርተህ በወር 1,200 ብትከፍል፣ ለምግብና ለሌላው 1,500 ብታወጣ፣ 5,300 ድርሃም ይተርፍሃል። ከ1,400 ዶላር በላይ ነው። ጀርመን በመጀመሪያው ደሞዝ፣ በ2,700፣ እንደ ላጤ ተቆርጦ የሚደርስህ 1,900 ገደማ ነው። ከትንሽ ክፍልና ከምግብ በኋላ 950 ብታስቀር ጎበዝ ነህ። ያውም ጀርመንኛውን ለመማር ያለ ገቢ የምታጠፋውን ጊዜ ሳንቆጥር። ፈተናው አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። የመመላለሻውን ነገር ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

እንግዲህ የአየሩ ነገር። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ወርደህ ታውቃለህ? ላይ ጋቢ ለብሰህ ትነሣለህ፤ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተለጥፏል። እኛ ልጆች ሳለን ከቆላ ዘመድ ሲመጣ "በረሃ እንዴት ትኖራላችሁ?" እንል ነበር። ዱባይ በነሐሴ ከዚያ ይብሳል፤ 40 ዲግሪ የተለመደ ነው። የባሕሩ እርጥበት ሲጨመርበት ትንፋሽህ ራሱ ላብ ይሆናል። የአባይ በረሃ ወደ ላይ ስትወጣ ያልቃል፤ ዱባይ የምትወጣበት ደጋ የለም። ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ውጭ ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። አንተ የምትሠራው ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ አይነካህም። ባለቤትህ ግን አራት ወር ሙሉ መስኮት ዘግታ፣ ኤሲ ከፍታ፣ ከልጅ ጋር በአንድ ክፍል ትቀመጣለች። አቧራና የኤሲ ቅዝቃዜ ለአስም ምን እንደሆኑ ለነርስ አልነግርም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ልክ እንደ ባሕር ዳር ነው፣ ምሽቱ ያምራል። ይህን ካልነገርኩህ አድልቻለሁ።

ጀርመን ላይ ሰው ስለ ብርዱ ይጠይቃል እንጂ ስለ ጨለማው አይጠይቅም። ብርዱን ኮት ገዝተህ ትገላገለዋለህ። የእኔ ፍራንክፈርት በጥር ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የጮቄን ውርጭ ያየ ሰው አይሞትበትም። ጨለማውን ግን ምን ታለብሰዋለህ? በታኅሣሥ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ገና እየነጋ ነው፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። የቀን ተረኛ ከሆንክ ፀሐይን በመስኮት ነው የምታያት፣ ካለች። በሁለተኛው ክረምቴ ያለምክንያት ማልቀስ ጀምሬ ነበር። ሐኪሙ ቪታሚን ዲ ሰጠኝና በየቀኑ በምሳ ሰዓት ውጪ አለኝ። በሰኔ ደግሞ ፀሐይዋ እስከ ማታ 3 ሰዓት ተኩል አትጠልቅም፤ ልጆች "ገና ቀን ነው" ብለው አንተኛም ይላሉ።

ለአስም ግን ከብርዱ ይልቅ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያ ክረምቴ መስኮቱን በጨርቅ ወተፍኩት። ቤታችን ብርድ ሲገባ የምናደርገው እሱ አይደል? ማሞቂያውን አጋልኩ፤ ልብስ እዚያው ክፍል አሰጣሁ። በየካቲት ከአልጋዬ ኋላ ያለው ግድግዳ ጠቁሮ አገኘሁት። ሻጋታ! እነሱ ቤት የሚገነቡት አየር እንዳያስወጣ አድርገው ነው። በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወለል አድርገህ ለአምስት ደቂቃ መክፈት አለብህ፣ በረዶ ቢጥልም። የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ስለቅ አከራዩ ለግድግዳው ብሎ ከማስያዣዬ ቀነሰብኝ፤ የማሞቂያው ተጨማሪ ሒሳብም ለብቻው መጣ። ኪራይ ስትጠይቅ "ቀዝቃዛ" ነው ወይስ "ሙቅ" በል፤ ቀዝቃዛው ማሞቂያ የሌለበት ዋጋ ነው። ማስያዣው ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ በሦስት ጊዜ መክፈልም መብትህ ነው። በጸደይ ደግሞ የበርች ዛፍ ብናኝ አለ፤ አስም ያለበት ሰው ሚያዝያን አይወዳትም።

ስለዚህ አየሩ ለባለቤትህ ሁለቱም ጋ ችግር አለው። ልዩነቱ ስትታመም ነው። ጀርመን ደሞዝ የሌላት ሚስትና ልጅ በአንተ መድን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገባሉ። ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ፋርማሲ ስትወስድ ከ5 እስከ 10 ዩሮ ትጨምራለች፤ ልጅቱ እሱንም አትከፍልም። ያ 8 ተኩል በመቶ የተቆረጠብህ ለዚህ ነው። ወንድሞችህ ይህን ክፍል ከነግብሩ ደምረው "ወሰደው" ይላሉ።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ባለቤትህና ልጅህ አብረውህ የሚሄዱ ከሆነ ጀርመን። ከዛሬ ጀምረህ ቋንቋውን ተማር፤ ባለቤትህም አብራህ ትጀምር፣ ቤት ውስጥ ተለማመዱት። ብቻህን ሄጄ ሦስት ዓመት ሠርቼ ቤት ሠርቼ ልመለስ ካልክ ደግሞ ዱባይ፤ መሠረታዊ ደሞዙን አስተካክለህ። ከቤተሰብ ጋር ዱባይ ያልከው ግን አይታየኝም። ቪዛህ በሥራህ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሥራው ከቀረ ሁላችሁም ሻንጣ ታነሣላችሁ። የጀርመኑን ጡረታም "ለፈረንጅ ሰጥቼ ልመጣ ነው" ብለህ አትፍራ። 60 ወር ሳይሞላህ ከአውሮፓ ኅብረት ጠቅልለህ ከወጣህ፣ ከ24 ወር በኋላ የራስህን ድርሻ እንዲመልሱልህ መጠየቅ ትችላለህ። 60 ወር ከሞላህ ደግሞ በእርጅናህ ጡረታ አለህ።

ፍኖተ ሰላም የራስህ ቤት ካለህና ልታከራየው ካሰብክ፣ የኪራይ ግብሩ እዚሁ ይከፈላል፤ የትም ብትሆን። ከመሄድህ በፊት ለምታምነው ሰው ውክልና ስጥ። ግን ከወንድሞችህ ለየትኛው እንደሆነ አስብበት፤ ግብር ሲጠላ አይተናል።

ለሆስፒታሉ ስትጽፍ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምርልኝ። ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? የመኝታ ክፍሉ መስኮትስ ወዴት ይዞራል? የእኔ ወደ ሰሜን ነበር።